አራተኛው ሞተር

ጅግጅጋ፣ መስከረም 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዘነበ፣

ይህ ወረቀት እርስዎንም ባለቤትዎንም በሙሉ ጤና ያግኝልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከአቧራውና ከንፋሱ በቀር የምከሰው ነገር የለም።

እስካሁን ቃሌን ስታደርስልኝ የኖረችው አክስቴ ንጋቷ ናት። አሁን ግን «እናቱና አያትሽ የእህትማማች ልጆች ናቸው፤ ባዳ አይደለሽም፣ ራስሽ ጻፊለት። ዘነበ የስልክ ወሬ አይወድም፤ በእጅሽ ጽፈሽ ፎቶውን ላኪለት» ብላኛለች። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን መጥታ ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ የምታስተምረው ለተማርያም እኔ ነኝ።

የላኩልኝ እሽግ ደርሷል። አራቱ ሞተሮች፣ በረራውን የሚቆጣጠረው ቦርድ፣ ፕሮፔለሮቹ፣ ሁሉም በደህና ገብተዋል፤ አንድም የተጎዳ ነገር የለም። እንዴት እንደማመሰግንዎ አላውቅም። እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ።

ድሮኑን የምሠራው ከባልደረባዬ ከሀይቤ ጋር ነው። ሀይቤ የሀርሺን ልጅ ነው፤ ዘመዶቹ ከብትና ግመል አርቢዎች ናቸው። እዚያ አገር ወንዝ የለም። የዝናብ ውኃ የሚጠራቀመው መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ ነው፤ ብርካ ይሉታል። በደረቁ ወቅት አንዱ ብርካ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ከመሄዳቸው በፊት ግን ውኃ መኖሩን አይቶ የሚመለስ ሰው ይልካሉ። ሳሃን ይባላል። እኛም የምንሠራው የሚበር ሳሃን ነው። ከላይ ሆኖ ብርካውን በካሜራ አይቶ ይመለሳል።

ለጊዜው ግን የሚያየው ሣር ብቻ ነው! ባለፈው ቅዳሜ በኮሌጁ ኳስ ሜዳ ልናስነሣው ስንል አንድ ስንዝር እንኳ ሳይነሣ በጀርባው ተገለበጠና ሣሩን አጨደው። እኔም ሀይቤም በሳቅ ወደቅን። በሦስተኛው መገልበጥ ግን ሳቁ ቀረ።

የካቲት 10 ቀን ሀርሺን ላይ በሽማግሌዎቹና በወረዳው ሰዎች ፊት እንድናበረው ተቀጥሯል። የበረራ ፈቃዳችን የሚያበቃው በዚያው ወር ነው፤ ያን ቀን ካልበረረ ኮሌጁ ሥራውን ይዘጋዋል። እርስዎ ሄሊኮፕተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ እባክዎ ምን ላድርግ?

አክባሪዎ ለተማርያም

* * *

ፕሎቭዲቭ፣ ቡልጋሪያ፣ መስከረም 21 ቀን 2016

ይድረስ ለልጄ ለለተማርያም፣

የአያቶችሽ አምላክ ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ካልቆጠርሽው። ባለቤቴም ሰላም ትልሻለች፤ ስምሽን አንድ ሙሉ ቀን ተለማምዳው አሁንም ልትጠራው አልቻለችም።

ባለፉት ሠላሳ አምስት ዓመታት ከአገር ከመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ ለልጅ ማስተማሪያ፣ ለቤት ማደሻ ላክ የማይለው ያንቺ ብቻ ነው። «ምን ላድርግ?» ብሎ የጠየቀኝ ዘመድ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አሁን ስሚኝ። አየር ኃይል ሳለሁ አለቃችን ያስተማረን ሕግ አለ፦ አንድ በረራ፣ አንድ ለውጥ፣ አንድ መስመር ጽሑፍ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከቀየርሽ የትኛው እንዳዳነሽና የትኛው እንደገደለሽ አታውቂም። ደብተር ግዢና እያንዳንዷን በረራ ጻፊ። ከደብተሩ ላይ ወደኔ ገልብጪ።

የመጀመሪያው ለውጥሽ ይኼ ይሁን። ቦርዱ ላይ ያለውን ሴቲንግ በሙሉ አጥፊና ከባዶ ጀምሪ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ዝም ብለሽ አጥፊ። ከዚያ ቦርዱ ላይ የተሳለው ቀስት ወደ ድሮኑ ፊት ማየቱን አረጋግጪ፤ ድሮኑን ልክ በሆነ ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጪና አግድም ምን እንደሆነ አስተምሪው። ፊትና ኋላውን ያልለየ ሹፌር መገልበጡ አይቀርም።

ዘነበ

* * *

ጅግጅጋ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2016

ውድ ጋሼ ዘነበ፣

ሰላምታዬን ቀጥዬ አደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ይኼን ልንገርዎ። ተነሣ! ጋሼ፣ ተነሣ!

እንዳሉኝ ሴቲንጉን አጠፋሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ግን ከመጥፋቱ በፊት የቦርዱ አቅጣጫ ወደ ጎን ዘጠና ዲግሪ ተብሎ ተሞልቶ አየሁ። አዲስ ዕቃ ላይ ማን እንደሞላው እንጃ። ጠፍጣፋ ቦታ ለማግኘት ሀይቤ የሻይ ሰሃን ውኃ ሞልቶ ጠረጴዛውን ሁሉ ሲለካ ዋለ። ከዚያ ሜዳ ወጥተን ጋዙን ቀስ ብዬ ስሰጠው ከወገቤ በላይ ወጣ። ሀይቤ «ወላሂ ወጣ!» እያለ ሜዳውን ሲዞር ተማሪው ሁሉ ክፍል ጥሎ ወጣ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ።

የበረረው ለዘጠኝ ሰከንድ ነው። መላ አካሉ ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል፤ የካሜራው ምስልም ውኃ ላይ እንዳለ ጥላ ይርገፈገፋል። ደብተሩ ላይ «ተነሣ፤ ይንቀጠቀጣል» ብዬ ጽፌያለሁ። ቀጥሎስ?

እርስዎንና ባለቤትዎን ጤና ይስጥልኝ።

ለተማርያም

* * *

ፕሎቭዲቭ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2016

ይድረስ ለአብራሪዋ ልጄ፣

ዘጠኝ ሰከንድ! ለጎረቤቴ ሁሉ አወራሁ። አንድም ሰው አልገባውም፤ እኔ ግን አወራሁ።

መንቀጥቀጡ ከፕሮፔለር ይሆናል። እያንዳንዱን በቀጭን ሽቦ መሐሉን ወግተሽ አንጠልጥዪው። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ያ ወገን ከብዷል ማለት ነው፤ በቀለለው በኩል ቁራጭ ስኮች ለጥፊ፤ አግድም እስኪቆም ድረስ። ሁለተኛ፣ ቦርዱን ብረቱ ላይ በቀጥታ አትሰሪው። በሥሩ ለስላሳ ነገር አድርጊለት። አንዱን ሠርተሽ አብርሪ፣ ጻፊ፤ ከዚያ ሌላውን።

ዘነበ

* * *

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 1 ቀን 2016

ውድ ጋሼ ዘነበ፣

የጤናዎን ነገር በጸሎቴ ሳላነሣ አልውልም። ባለቤትዎ ስሜን ካቃታት «ለቱ» ትበለኝ፤ እዚህም ብዙው ሰው እንደዚያ ነው የሚለኝ።

ለስላሳ ነገር ያሉትን ከሀይቤ አሮጌ ሸበጥ ቆረጥነው። አራት ቁራጭ፣ በአራቱ ማዕዘን። ከስኮቹ ጋር ተጨምሮ መንቀጥቀጡን እንደ አስማት አጠፋው። ሀይቤ በባዶ እግሩ ቤቱ ሄደ፤ ቅር አላለውም።

አሁን ምስሉ ጥርት ብሏል። የካራማራን ተራራ አየነው፣ የሰዉን ቆርቆሮ ጣሪያ አየነው፣ የኮሌጁ ዲን ከኋላ በር ሹልክ ብለው ሲወጡም አየናቸው። ይኼን ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም።

የቀረው አንድ ችግር ነው። ባለበት አልቆምም ይላል። ወደ ቀኝ ኋላ ማዕዘን ያዘነብልና እያዘነበለ በዝግታ ይሽከረከራል። ንፋስ ሲነካው ይብሳል። እዚህ ደግሞ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ ንፋስ የሌለበት ቀን የለም። ሪሞቱን ይዤ ስታገለው ክንዴ ይዝላል። እኔ ሴቲንግ ይመስለኛል፤ ቁጥሮቹን ብቀያይር ይሻል ይሆን?

ለተማርያም

* * *

ፕሎቭዲቭ፣ ኅዳር 5 ቀን 2016

ይድረስ ለለቱ (ባለቤቴ እፎይ አለች)፣

ቁጥር አትነካኪ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። ሁልጊዜ ወደ አንድ ማዕዘን የሚያዘነብል ነገር ችግሩ እዚያው ማዕዘን ላይ ነው። ነገርን ከሥሩ።

ሦስት ሥራ እሰጥሻለሁ። አንደኛ፣ እንዳረፈ ወዲያው አራቱን ሞተሮች በጣትሽ ንኪ፤ የሚያቃጥለው የትኛው ነው? ሁለተኛ፣ ሞተሮቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጪልኝ። ሦስተኛ፣ አንድ በአንድ መዝኚያቸው። የጥራጥሬ ሚዛን አይበቃም፤ ወርቅ ቤት ሂጂ። አራት እኩል ሞተሮች እኩል መመዘን አለባቸው።

ወዲያው ጻፊልኝ። ቡናዬን ሳልጠጣ ስልኩን ማየት ጀምሬያለሁ፤ አስለመድሽኝ።

ዘነበ

* * *

ፕሎቭዲቭ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2016

ይድረስ ለልጄ፣

ስድስት ሳምንት ሆነ። ንጋቷን ጠየቅኋት፤ «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» አለችኝ። ንጋቷ ስትዋሽ ድምፅዋ ይቀጥናል፤ በስልክም ይሰማል።

ወድቆ ከተሰበረ ንገሪኝ፤ ከኔ የበለጠ ዕቃ የሰበረ ሰው የለም። ጥያቄዬ ከበደሽ እንደሆነ ተዪው። የአራቱን ሞተሮች ፎቶ ብቻ ላኪልኝ። ወይም እሱንም ተዪውና ሰላም መሆንሽን ጻፊ።

መልካም ገና።

ዘነበ

* * *

ጅግጅጋ፣ ጥር 3 ቀን 2016

ለማከብርዎ ጋሼ ዘነበ፣

ይህን ወረቀት አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይኼ አምስተኛው ነው፤ አልቀደውም።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገርዎ። የሀይቤ እናት ኤዶ ሀሊሞ (ኤዶ እዚህ አክስቴ እንደማለት ነው) ለዓይናቸው ሕክምና ከሀርሺን መጥተው ነበር። አንድ ጠዋት ሜዳው ዳር ወንበር አወጣንላቸውና ድሮኑ ሲያዘነብልና ሲሽከረከር ተመለከቱ። ሀይቤ ያስተረጉማል።

«ሳሃን የምትሉት ይኼን ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ኤዶ።»

«ይዋሻል?»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «የባሌ ወንድም አንድ ዓመት ሳሃን ሆኖ ሄደ» አሉ። «ጠንካራ ሰው ነው፣ የተከበረ። መንገድ ላይ ታመመ፤ ብርካው ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። አልደረስኩም ማለት አፈረ። ውኃ አለ አለን። ሁለት ቀን ሄድን፤ ስንደርስ ሲሚንቶው ተሰንጥቋል። ከመቶ ሃያ ፍየል የተመለሱት ዘጠኝ ናቸው። መዓሊማ፣ አስተማሪዋ፣ ያ ሰው ክፉ አልነበረም። አፍሮ ነው።»

ከዚያ ወዲያ መደበቁ አልሆነልኝም፣ ጋሼ።

እውነቱ ይኼ ነው። እሽግዎ ሲደርስ ከአራቱ ሞተሮች የአንዱ ዘንግ መንገድ ላይ ተጣሞ ነበር። ሦስት ቀን አለቀስኩ። አይተውኝ የማያውቁ ሰው ከኪስዎ አውጥተው የላኩትን «ተሰበረ» ብዬ መጻፍ፣ ጨምርልኝ ብሎ እንደመለመን ሆነብኝ። ስለዚህ ሰርግ ቪዲዮ የሚያነሣው ዐብዲናስር ጋ ሄጄ፣ መሳቢያው ውስጥ ከተቀመጠ የተበላሸ ድሮን አንዱን ሞተር ነቅዬ አመጣሁ። መልኩ ይመሳሰላል። የገጠምኩት በቀኝ ኋላ ማዕዘን ነው።

የሚያቃጥለው እሱ ነው። ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ከሌሎቹ ይለያል። ናስትሆ የሚባል ወርቅ ቤት ወስጄ መዘንኳቸው፤ ሦስቱ አርባ ስድስት አርባ ስድስት ግራም ናቸው፤ እሱ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ይኼን ሁሉ ኅዳር ላይ አውቄዋለሁ። እርስዎ ግን በሌለ ሞተር ላይ ሲያስቡ ከረሙ። ይቅር ይበሉኝ። የካቲት 10 ልትደርስ አምስት ሳምንት ቀርቷል፤ ለሀይቤም የነገርኩት ገና ትናንት ነው።

ያሳፈረችዎ ልጅዎ ለተማርያም

* * *

ፕሎቭዲቭ፣ ጥር 4 ቀን 2016

ይድረስ ለልጄ፣

በመጀመሪያ ተቆጣሁ። ቤት ውስጥ በአማርኛ ጮህኩ፤ ባለቤቴ የሞተ ሰው አለ ብላ ጥቁር ልብስ ልታወጣ ነበር። ከዚያ ሳቅ ያዘኝ፤ አሁንም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ልጄ፣ እኔ የገዛሁት አምስት ሞተር ነው። አራቱን ላክሁልሽ፤ አምስተኛው መጠባበቂያ ብዬ ያስቀመጥኩት ይኸውና መሳቢያዬ ውስጥ ከነፕላስቲኩ አለ። መስከረም ላይ «ተጣመመ» ብለሽ ቢሆን ጥቅምት ላይ ይደርስሽ ነበር። አንዲት ቃል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ለሰው ብቻ ይመስልሻል?

እንዳትሸማቀቂ ግን የኔንም ስሚ። ያ ቦርድ አዲስ አይደለም። ከራሴ ድሮን ላይ የነቀልኩት ነው፤ ዛፍ ላይ ሰቅዬው ከተከሰከሰ በኋላ። እኔ ጋ በጎኑ ነበር የተገጠመው፤ ለዚያ ነው ዘጠና ዲግሪ ተሞልቶ ያየሽው፤ ለዚያ ነው አጥፊ ያልኩሽ፤ ለዚያ ነው ለምን አትበዪ ያልኩሽ። ለዘመድ አሮጌ ዕቃ ላከ እንዳትዪኝ ፈርቼ አፅድቼ በአዲስ ካርቶን አሸግሁት። ከሦስት መገልበጥ አንዱንም ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም፤ እኔ ነኝ። ለካ አንቺም እኔም ስንከባበር ድሮኑን ልንገድለው ነበር።

አሁን ወደ ሥራ። ሞተሩን ዛሬ በፈጣን ፖስታ ጅቡቲ ላለው ወዳጄ ለሚሊዮን ልኬዋለሁ፤ ወደብ ላይ ይሠራል። እሱ ይዞት በባቡር ከድንበሩ ወዲህ እስካለው አይሻ ይመጣል፤ ሥራው ከዚያ አያሳልፈውም። አይሻ ጣቢያ ተቀበዪው። ስትገጥሚው ሌላ ምንም አትንኪ። አንድ በረራ፣ አንድ ለውጥ።

ለኤዶ ሀሊሞ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እንደሳቸው ያለ የበረራ ደኅንነት መኮንን አየር ኃይልም አልገጠመኝም።

ዘነበ

* * *

ጅግጅጋ፣ የካቲት 12 ቀን 2016

ውድ ጋሼ ዘነበ፣

ቤትዎን ሰላም ያውልልኝ፤ የምጽፈው ብዙ ነውና ሰላምታዬን በዚህ ይቀበሉኝ።

በድሬዳዋ ዞሬ አይሻ የደረስኩት ጥር 26 ነው። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ዘገየ። አቶ ሚሊዮን ሞተሩን በኪሳቸው ይዘው ወረዱ፤ «በዚህች የለውዝ ያህል ብረት ነው ዘነበ ሌሊት የሚደውልልኝ?» አሉኝ። ስልክ አይወድም የተባሉት እርስዎ ነዎት እንግዴህ!

ጅግጅጋ በተመለስኩ ማግሥት ጠዋት ገጠምነው፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። ጋዙን ሰጥቼ ከራሴ በላይ አወጣሁትና ጣቴን ከሪሞቱ አነሣሁ። ጋሼ፣ ቆመ። ባለበት ቆመ። ንፋሱ ገፋው፤ ትንሽ ዘንበል አለና ራሱን መልሶ ቆመ። ሀይቤ አልጮኸም፣ አልሮጠም፤ መሬት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ደግሞ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። አራቱንም ሞተሮች ነካኋቸው፤ እኩል ለብ ብለዋል። ደብተሩ ላይ የጻፍኩት «ቆመ» ብቻ ነው።

የካቲት 10 ሀርሺን ላይ ንፋሱ ሳይነሣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተዘጋጀን። የወረዳው ሰዎች መጡ፤ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ኤዶ ሀሊሞ ከፊት ተቀመጡ። የሀይቤ ቤተሰቦች ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ምሥራቁ ብርካ ሊነሡ ወስነው ነበር፤ ውኃ አለው ብሎ ገበያ ላይ የነገራቸው ሰው አለ። በተዳከመ ከብት የግማሽ ቀን መንገድ ነው። «እንግዲያው እሱን አሳዩን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ማሃሙድ።

ላክሁት። ከኮረብታው ማዶ አለፈ። ምስሉ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነበር። ብርካው ላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔም ካሜራውን ወደ ታች አዞርኩት።

ደረቅ ነው። ነጭ ሲሚንቶ፣ መሐሉ ላይ አንድ የተጣለ ጀሪካን።

ከዓመቱ ቀን ሁሉ በዚህ ቀን! ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ የማሳየው የምሥራች አልነበረም። አጠገቤ የቆመው የወረዳ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «ሌላ ነገር አታሳዪም? ከተማውን ከላይ እንየው» አለኝ። ለበዓል የመጣ ሰው መልካም ነገር እንዲያይ ፈልጎ ነው፤ እኔም ለአፍታ አሰብኩት፤ አልዋሽዎም። ከዚያ ስክሪኑን አንሥቼ ለኤዶ ሀሊሞ ሰጠኋቸው። በሚያየው ዓይናቸው ተጠግተው አዩት፤ ለማሃሙድም አሻገሩላቸው።

ድሮኑን መልሼ አሳረፍኩት፤ የቀረኝ አንድ ባትሪ ነበር። ማሃሙድ በከዘራቸው ወደ ደቡብ አመለከቱ፤ እዚያ ያለውን ብርካ ባለፈው ወር ያየው ሰው የለም። እንደገና ላክሁት። ሲደርስ መጀመሪያ ያየሁት ወፎች ናቸው፤ ከዚያ ከብርካው ውስጥ ሰማዩ መልሶ ተመለከተን፤ አረንጓዴ ውኃ፣ ከግማሽ በላይ የሞላ። ሀይቤ በሶማሊኛ «ቢዮ!» (ውኃ!) ሲል ስክሪኑ ከእጅ ወደ እጅ መሄድ ጀመረ። እኔ ባትሪው ሳያልቅ ለመመለስ ዓይኔን ከሰማይ አልነቀልኩም። በቀረችው ባትሪ አመጣሁት፤ ካነሣሁበት ምንጣፍ ላይ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ አረፈ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጭብጨባውን ልቀበል ዞር አልኩ፣ ጋሼ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ኤዶ ሀሊሞ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጎጆ እያፈረሱ ነው፤ ማሃሙድ ግመል እያንበረከኩ ነው። ጀሪካን ይጫናል፣ ገመድ ይታሰራል። ፊታቸው ሁሉ ወደ ደቡብ ነበር።

ልጅዎ ለተማርያም